«ሆድህን ግዛ» ከማለታችን በፊት፦ የአንጎል ሕዋሳትና ክብደታችን

የመክፈቻ ጽሑፍ

አንድ ሰው ዳየት ይይዝና ይከሳል። ሁሉም ያደንቀዋል። ከዓመት በኋላ ክብደቱ ሲመለስ ያው አድናቂ ሁሉ ይታዘበዋል። ሆዱን መግዛት አቃተው፣ ሰነፈ፣ አፉን መያዝ አልቻለም ይባላል። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም ብዬ ስለማምን ነው ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት። የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ረሃብን የሚያዝዙትም፣ የከሳውን ሰው ወደ ድሮ ክብደቱ የሚጎትቱትም የአንጎል ሕዋሳት ናቸው። ሰውየው በየቀኑ ከእነሱ ጋር ግብግብ ላይ ነው፤ እኛ ግን ግብግቡን አናየውም።

ባጭሩ ላስረዳ። ከአንጎላችን ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽዬ ክፍል አለ። እዚያ ውስጥ ሁለት ዓይነት የነርቭ ሕዋሳት ተጎራብተው ይኖራሉ። አንደኞቹ በሚያመነጩት ኬሚካል ስም ኤጂአርፒ ይባላሉ። እነሱ ሲነቁ ይርበናል። ሁለተኞቹ ፖምሲ ናቸው። እነሱ ሲነቁ የጥጋብ ስሜት ይመጣል። የሁለቱም መልእክት የሚያርፈው ኤምሲ4አር በተባለ አንድ ዓይነት ተቀባይ ላይ ነው። የፖምሲዎቹ መልእክት ያነቃዋል፣ የኤጂአርፒዎቹ ያፍነዋል።

ሕዋሳቱ ሰውነት ምን ያህል ስንቅ እንዳለው የሚያውቁት በደም በሚመጣላቸው ወሬ ነው። ስብ የያዙ ሕዋሳት ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ይልካሉ። ስብ ሲበዛ ሌፕቲን ይበዛል፤ ስብ ሲቀንስ አብሮ ይቀንሳል። ባዶ ሆድ ደግሞ ረሃብ የሚቀሰቅሰውን ግሬሊንን ይልካል። ሌፕቲንን በ1994 ያገኘው የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ነው። ግሬሊንን በ1999 ያገኙት የጃፓን ተመራማሪዎች ናቸው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለእኔ ነገሩን የቀየረው በ2011 የወጣ የአይጥ ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ የኤጂአርፒ ሕዋሳቱ በብርሃን እንዲታዘዙ አደረጉ። ጠግባ የተቀመጠች አይጥ ብርሃኑ ሲበራ በደቂቃዎች ውስጥ መብላት ትጀምራለች። ይህችን አይጥ ሆዳም የሚላት አለ? ከዚያ በፊት፣ በ2005፣ እነዚሁ ሕዋሳት አዋቂ አይጦች ውስጥ እንዲሞቱ ሲደረግ አይጦቹ ምግብ አጠገባቸው እያለ መብላት አቁመዋል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ጥቂት ሺህ ሕዋሳት ይህን ማድረግ ከቻሉ፣ ውፍረትን ለምን እንደ ጠባይ ጉድለት እንቆጥረዋለን?

ምላሾቹ

መልሱ ጎረፈ። የተባለውን በተራ ቁጥሩ እየጠራሁ በራሴ አነጋገር አቀርባለሁ። የተደጋገመውን አልፌዋለሁ።

ምላሽ 1 የመጣው ነርስ ከሆነች እህት ነው። አመስግና ጀመረች። በሥራዋ የምታያቸው ብዙ ሰዎች ሚዛን ላይ መውጣት እንደሚያሳፍራቸው ጻፈች። ሌላ ሕመም ይዟቸው መጥተው ስለ ክብደታቸው ብቻ ተግሣጽ ሰምተው የሚመለሱ አሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ በዚህ የተነሣ ጨርሶ መምጣት ይተዋሉ። ይህ አስተያየት ከሁሉ በፊት መምጣቱ ደስ አሰኝቶኛል፤ ነገሩ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ከመነሻው አሳይቷል።

ምላሽ 2 ላይ አንድ የባዮሎጂ መምህር ታሪኩን ወደ ኋላ ወሰዱት። በትሕትና፣ ግን በጥብቅ ነው የጻፉት። ነገሩ በ1994 እንዳልተጀመረ አሳሰቡ። በ1940 ሄዘሪንግተንና ራንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የአይጦችን ሃይፖታላመስ በአንድ በኩል ሲጎዱት አይጦቹ ከልክ በላይ ወፈሩ። በ1951 ደግሞ አናንድና ብሮቤክ በሌላ በኩል ሲጎዱት አይጦቹ መብላት አቆሙ። በዚያን ጊዜ አንዱ የጥጋብ ማዕከል፣ ሌላው የረሃብ ማዕከል ተብሎ ተሰየመ። መምህሩ ይህ ስዕል ከልክ በላይ የቀለለ እንደነበረ፣ በኋላም እንደተስተካከለ አስጠንቅቀዋል።

ከዚያ ዳግላስ ኮልማን ወደተባለው ተመራማሪ ተሻገሩ። ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። በአሜሪካ ጃክሰን ላቦራቶሪ ውስጥ በጣም የሚወፍሩ ሁለት ዓይነት የአይጥ ዘሮች ነበሩ። ኮልማን የሁለት አይጦችን ሰውነት አያይዞ ደማቸው እንዲገናኝ አደረገ። የመጀመሪያው ዓይነት ወፍራም አይጥ ከጤነኛ አይጥ ጋር ሲያያዝ ትንሽ መብላት ጀመረና ከሳ። ሁለተኛው ዓይነት ከጤነኛ ጋር ሲያያዝ ግን ወፍራሙ እንዳለ ቀረ፤ ጤነኛው መብላት ትቶ በረሃብ ሞተ። ኮልማን ከዚህ አንድ ነገር ገባው። በደም ውስጥ የሚዞር የጥጋብ መልእክት አለ። አንደኛው አይጥ መልእክቱን መሥራት አይችልም። ሁለተኛው ይሠራዋል፣ ግን አይሰማውም። ሌፕቲን ስሙን እስኪያገኝ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት። ኮልማንና ፍሪድማን በ2010 ለሕክምና ምርምር የሚሰጠውን የላስከር ሽልማት አብረው ወስደዋል።

ምላሽ 3 አጭር ጥያቄ ነበር። እንዲህ ከሆነ ለምን ሌፕቲንን በኪኒን አንውጥም የሚል። ምላሽ 4 ወዲያው መለሰ። ሌፕቲን ፕሮቲን ስለሆነ ሆድ ውስጥ ይፈጫል፤ የሚሰጠው በመርፌ ነው። በውፍረት ለሚቸገሩ ሰዎች ተሰጥቶ ውጤቱ በ1999 ወጥቶ ነበር። አብዛኞቹ ላይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ምክንያቱ ወፍራም ሰው ሌፕቲን አይጎድለውም፤ እንዲያውም ሞልቶታል። አንጎሉ ግን ለመልእክቱ እንደሚገባው አይመልስም። በተፈጥሮ ሌፕቲን የሌላቸው ጥቂት ልጆች ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እሱን መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ምላሽ 5 ላይ አየሩ ተቀየረ። ጸሐፊው ሰላምታም አላስቀደመም። ይህ ሁሉ ሳይንስ የሰነፍ ሰው ማመካኛ ነው አለ። ሰውነት ከየትም ጉልበት አይፈጥርም፤ ከምታቃጥለው በላይ ከበላህ ትወፍራለህ፣ ካነሰ ትከሳለህ፣ ሌላው ወሬ ነው የሚል ነበር። እሱ ራሱ በጂምና በዲሲፕሊን ቦርጩን አጥፍቷል። ይህ ክር ለሰው የመስነፊያ ፈቃድ እየሰጠ እንደሆነም ጨመረ።

ምላሽ 6 በስድብ ነው የመለሰችው፤ አልደግመውም። ምላሽ 7 ሁለቱንም እንዲበርዱ ጠየቀ፣ ደግሞም ጥሩ ነጥብ አነሳ። የጉልበት ሕግ ትክክል ነው፤ ማንም አልካደውም። ጥያቄው የሚገባውንና የሚወጣውን መጠን የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። ሁለቱም ጫፍ ላይ የአንጎል እጅ አለበት። ስንት እንደምንበላ ብቻ ሳይሆን ቁጭ ብለን የምናቃጥለውንም ይነካል።

ምላሽ 8 ክሩ ውስጥ በጣም የተወደደው ሳይሆን አይቀርም። ጸሐፊዋ መብላትን ከመተንፈስ ጋር አስተያየችው። ትንፋሽን መያዝ ይቻላል፤ ፈቃድም ይጠይቃል። ግን ትንፋሹን መልሶ የሳበን ሰው ፈቃደ ደካማ አንለውም። ከአንጎል ግንድ የሚመጣው ግፊት እየበረታ ሄዶ በመጨረሻ ያሸንፋል። ረሃብም እንዲሁ ነው፤ ፍጥነቱ ብቻ ነው የሚለየው።

ምላሽ 9፣ ያው ምላሽ 5 የጻፈው ሰው ተመለሰ። ትንፋሽ የደቂቃ ጉዳይ ነው፣ ክብደት የዓመታት ነው አለ። ከስተው ለዓመታት የቆዩ ሰዎች አሉ፤ ትንፋሹን ለዓመት የያዘ ግን የለም። እውነቱን ለመናገር ይህ ተገቢ ተቃውሞ ነው። ሰዎቹ መኖራቸውን አልክድም። ግን እነሱ የሚከፍሉትን ዋጋ ሌላው ሳይከፍል ይኖራል፤ ሁለቱን በአንድ መስፈሪያ መስፈር አይገባም ብዬ ነው የጻፍኩለት።

ምላሽ 10 ለዚህ ክርክር ከሁሉ የከበደውን ማስረጃ አመጣ። ጸሐፊው ተማሪ ነው። በ1944 እና 1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የመሩትን የረሃብ ጥናት ተረከልን። 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ፈቅደው ገቡ። በጦርነቱ ጊዜ መሣሪያ አንይዝም ብለው በሕሊናቸው የጸኑ ሰዎች ነበሩ። ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው በጣም ተቀነሰ። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። ስለ ምግብ ያወራሉ፣ ስለ ምግብ ያልማሉ፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት የሚሰበስቡም ነበሩ። ሌላ ነገር አላስደስት አላቸው። ገደቡ ሲነሳ ደግሞ ብዙዎቹ ሆዳቸው ሞልቶም ረሃቡ አልለቅ ብሏቸው በላይ በላዩ ይበሉ ነበር። ተማሪው ሐሳቡን የዘጋው በጥያቄ ነው። ለሕሊናቸው ሲሉ መሣሪያ አንይዝም ብለው የጸኑ ሰዎች ፈቃደ ደካማ ናቸው ወይ? ምላሽ 5 ለዚህ መልስ አልሰጠም።

ምላሽ 11 በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ጨመረ። በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር ላይ የተሳተፉ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ተለኩ። ሰውነታቸው በእረፍት ላይ ሆኖ በቀን የሚያቃጥለው ጉልበት ለእነሱ መጠን ከሚጠበቀው 500 ካሎሪ ያህል ያንስ ነበር። ምላሽ 12 ግን ልጓም አስገባ። 14 ሰው ጥቂት ነው፤ ውድድሩም ከባድና ያልተለመደ ነበር። ከእነዚሁ ሰዎች መካከል ክብደታቸውን ይበልጥ የጠበቁት በብዛት የሚንቀሳቀሱት እንደነበሩም አስታወሰ። ምላሽ 5 ይህችን ወዲያው አነሳት። ጂም ዋጋ አለው ማለት ነው አለ። አዎ፣ አለው። የተጠቀሰው ጥናት እንደሚያሳየው እንቅስቃሴ የጠፋውን ክብደት ጠብቆ ለማቆየት ይረዳል። ከዚህ ተነስቶ ያልቻለውን መንቀፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ምላሽ 13 የሆርሞኑን ጉዳይ ዘጋችው። በ2011 የወጣ ጥናት ነው። 50 ሰዎች ለ10 ሳምንት በጣም ዝቅተኛ ካሎሪ ያለው ምግብ ይዘው ነበር። ከዓመት በኋላም ሌፕቲናቸው ዝቅ፣ ግሬሊናቸው ከፍ እንዳለ ነበር። ረሃባቸውም ከመጀመሪያው በልጦ ቀረ። ማለትም ሕዋሳቱ የጠፋውን ስንቅ በዓመትም አልረሱትም።

ከምላሽ 14 እስከ 18 ክሩ ወደ ውሾች ሄደ። አንድ ሰው ላብራዶር ውሻው መቼም እንደማይጠግብ ጻፈ። ጉዳዩ ከርዕሱ የወጣ መስሎኝ ነበር፤ አልወጣም። ምላሽ 15 በ2016 የተገኘውን ነገረን። ከላብራዶሮች ሩብ የሚሆኑት የፖምሲ ጂናቸው ላይ ቁራጭ ይጎድላቸዋል። በላይኛው ጽሑፍ የጠቀስኩት ፖምሲ ማለት ነው። ቁራጩ የጎደላቸው ውሾች ይበልጥ ለምግብ ይጓጓሉ፣ ይበልጥም ይወፍራሉ። ለሰው ረዳትነት በሚሠለጥኑት ላይ ደግሞ ጉድለቱ በብዛት ይታያል፤ ምናልባት በምግብ ማሠልጠን ስለሚቀል ይሆናል። በ2024 የወጣው ተከታይ ጥናት እነዚህ ውሾች በምግብና በምግብ መካከል ቶሎ እንደሚርባቸው፣ ሲያርፉ ደግሞ ከሌሎቹ 25% ያህል ያነሰ ጉልበት እንደሚያቃጥሉ አሳይቷል። ምላሽ 16 እና 17 የውሾቻቸውን ጠባይ ነው ያወሩት። ምላሽ 18 ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው የሚያወፍሩት ብሎ ሁለቱንም አስቀየመ።

ምላሽ 19 የእንስሳ ወሬ ይብቃ አለች።

ምላሽ 20 የሚገርም ጥያቄ ይዞ መጣ። ሲርበው ተነጫናጭ ይሆናል፤ ምግቡ ፊቱ ሲቀርብ ግን ገና ሳይቀምስ ይረጋጋል። ለምን? መምህሩ ተመልሰው አስረዱት። በ2015 የወጡ የአይጥ ሙከራዎች ላይ የኤጂአርፒ ሕዋሳት ንቃት የሚቀንሰው ምግብ ሆድ ሲገባ አይደለም። አይጡ ምግቡን ሲያይና ሲያሸት በሰከንዶች ውስጥ ይወርዳል። ሕዋሳቱ ሊመጣ ያለውን አስቀድመው ይገምታሉ ማለት ነው። ምግቡ ሳይበላ ከተወሰደ ግን ተመልሰው ይነሳሉ። ደግሞ እነዚህ ሕዋሳት ሲነቁ አይጦቹ የማይወዱት ስሜት እንደሚፈጠር ታይቷል። ስለዚህ የምንበላው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ ያንን የሚጎረብጥ ስሜት ለማስወገድም ጭምር ነው። ይህ ማብራሪያ ለእኔ ብዙ ነገር ፈትቶልኛል። ዳየት ላይ ያለ ሰው የሚታገለው ይህንኑ ስሜት ነው፤ ያውም ቀኑን ሙሉ።

ምላሽ 21 የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነው። እንቅልፍ ካጣ በኋላ ባለው ቀን ጣፋጭ ነገር ሲያሳድድ እንደሚውል ጻፈ። ምላሽ 22 በ2004 የወጣ ጥናት ጠቀሰችለት። 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት በየሌሊቱ አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ ሌፕቲናቸው 18% ወረደ፣ ግሬሊናቸው 28% ወጣ። ረሃባቸውም ጨመረ። ትንሽ ጥናት እንደሆነ እሷው ራሷ አሳስባለች። ለፈረቃ ሠራተኛው ግን ቢያንስ ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ነግራዋለች።

ምላሽ 23 ያሳዘነኝ ነው። ጸሐፊው ኦላንዛፒን የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይወስዳል። ሕመሙ ተሻለው፤ ክብደቱ ግን በወራት ውስጥ አሻቀበ። ቤተሰቡ አብዝተህ ትበላለህ እያለ ይወቅሰዋል። እሱም መድኃኒቱን ሊተወው አስቧል። ነርሷ ከምላሽ 1 ተመልሳ ፈጥና መለሰችለት። መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ የሂስታሚንና የሴሮቶኒን ተቀባዮችን እንደሚያግድ፣ የምግብ ፍላጎት መጨመሩም የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት እንደሆነ ነገረችው። በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም፣ መቀየርም ሆነ ሌላ ነገር መጨመር ስለሚቻል ሐኪሙን እንዲያነጋግር ለመነችው። ወንድሜ ብላ ነው የጻፈችለት። እኔም እዚህ ላይ ቃሏን አጠናክራለሁ።

ምላሽ 24 ነገሩን ገለበጠችው። አባቷ ካንሰር ይዟቸው ምግብ አልገባ ብሏቸዋል። ቤተሰቡ ይለምናቸዋል፣ ይቆጣቸዋል፤ ለመዳን የማይፈልጉ አድርጎ ያያቸዋል። እሷ የጠየቀችው ይህም የአንጎል ሕዋስ ሥራ ሊሆን ይችል እንደሆነ ነው። ምላሽ 25 አዎን ብሎ መለሰላት። ሰውነት ሲታመም ጂዲኤፍ15 የሚባል ፕሮቲን በደም ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል፤ በብዙ የካንሰር ሕመምተኞች ላይ ይታያል። የፕሮቲኑ ተቀባይ በ2017 ታውቋል። የሚገኘው ከአንጎል በስተኋላ፣ ወደ ግንዱ አካባቢ ነው። ሲነካ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ያቅለሸልሻል። የእርግዝና ከባድ ማስታወክም ከዚሁ ፕሮቲን ጋር እንደሚያያዝ ጨምሯል። ልጅቱ ከዚያ ወዲያ አባቷን ማስገደድ እንደምትተውና ሐኪሞቹን ስለዚህ እንደምትጠይቅ ጻፈች። እኔ ስለ ውፍረት ብቻ እያሰብኩ የከፈትኩት ክር እዚህ መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። ሆዱን ያልገዛውን የምንወቅስበትና መብላት ያቃተውን የምንቆጣበት ምክንያት አንድ ነው፤ ሁለቱንም ፍላጎቱን እንደፈለገ የሚያዝዝ አድርገን ነው የምናየው።

ምላሽ 26 የምላሽ 5 ጸሐፊ ነው፤ በዚህ ጊዜ ጠንካራ ነጥብ ይዞ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የአዋቂዎች ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከ1990 ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰው አንዱ በዚህ ክልል ውስጥ ነበር። የሰው አንጎልና ጂን በሠላሳ ዓመት አይቀየርም። ታዲያ ጥፋቱን ሕዋሳት ላይ መጫን እንዴት ይሆናል?

መምህሩ ምላሽ 27 ላይ ሁለቱም እውነት እንደሆኑ አስረዱ። በአንድ በኩል በ1986 በዴንማርክ በጉዲፈቻ ባደጉ 540 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። የልጆቹ ክብደት ከወለዷቸው ሰዎች ጋር ይመሳሰላል፤ ካሳደጓቸው ጋር ግን አይገናኝም። በሌላ በኩል በ2019 ኬቨን ሆል የሠሩት ጥናት አለ። 20 ሰዎች ሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብና ፋይበር ተመጣጣኝ ነበር፤ እስኪበቃቸው እንዲበሉም ተፈቀደ። የተቀነባበረውን ሲይዙ በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፣ አንድ ኪሎ ሊሞላ ምንም ያህል የማይቀረው ክብደትም ጨመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። እንግዲህ የተቀየረው በዙሪያችን ያለው ምግብ ነው። ሕዋሳቱ ያው የድሮዎቹ ናቸው፤ የማንኛችን ሕዋስ ለዚህ ምግብ ይበልጥ እንደሚጋለጥ ግን በውርስ ይለያያል።

ምላሽ 26 ላይ የተነሳው ጥያቄ ባይመጣ ይህ መልስ አይመጣም ነበር። ተቃዋሚዬን ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ውፍረት የተስፋፋው ምግቡ ስለተቀየረ ከሆነ ደግሞ ወቀሳው ከሰውየው ይልቅ ወደ አምራቹ ነው መዞር ያለበት።

ከዚያ በኋላ የመርፌው ወሬ መጣ፤ መምጣቱ አይቀርም ነበር። ምላሽ 28 ክብደት ለመቀነስ በመርፌ የሚወሰደው ሴማግሉታይድ የተባለ መድኃኒት የሚሠራው ጨጓራ ምግብ ቶሎ እንዳያሳልፍ በማድረግ ብቻ እንደሆነ ጻፈ። ምላሽ 29 አረመችው። ጨጓራን ማዘግየቱ እውነት ነው፤ ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም። መድኃኒቱ የሚመስለው ጂኤልፒ1 የተባለውን የአንጀት ሆርሞን ነው። የዚህ ሆርሞን ተቀባዮች በሃይፖታላመስና በአንጎል ግንድ ላይ አሉ። ተቀባዩ ከነርቭ ሕዋሳታቸው የተወገደ አይጦች በዚሁ ወገን ያለው ሊራግሉታይድ ሲሰጣቸው አይከሱም። በ2021 የወጣው ትልቅ ጥናት ላይ ሴማግሉታይድ የወሰዱት በ68 ሳምንት በአማካይ ከክብደታቸው 15% ያህል አጥተዋል። መድኃኒት የሌለበትን መርፌ የወሰዱት 2.4% ብቻ ነው ያጡት። ብዙ ሰው መርፌውን ሲወስድ ስለ ምግብ የሚያስብበት ጊዜ እንደሚቀንስ ይናገራል። ምላሽ 30 ይህንኑ ከራሷ አረጋገጠች። ስለ ምግብ ሳያስቡ መዋል ምን እንደሚመስል ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር።

ምላሽ 31 በቁጣ የተሞላ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ነው። ለእሱ የታዘዘው ይኸው መድኃኒት ቦርጭ ማጥፋት በሚፈልጉ ሰዎች ተሻምቶ ከመደብር ጠፍቶበት ያውቃል። ለሕመም የተሠራ ነገር የመልክ ማሳመሪያ ሆነ አለ። ምላሽ 32 ውፍረትም ሕመም ነው ብላ ተቆጣች፤ ሁለቱ ረዘም ላለ ጊዜ ተመላለሱ። እኔ በበኩሌ ሁለቱም እውነት አላቸው እላለሁ። የስኳር ሕመምተኛው ቁጣ ግን በወፍራም ሰዎች ላይ ማረፍ አልነበረበትም፤ እጥረቱን የፈጠሩት እነሱ አይደሉም።

ምላሽ 33 መርፌው ሲቆምስ ብሎ ጠየቀ። ምላሽ 34 መለሰ። ካቆሙ ከአንድ ዓመት በኋላ ሰዎቹ ካጡት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። የምላሽ 5 ጸሐፊ ይህን የመድኃኒቱ ሽንፈት አድርጎ አቀረበው። ነርሷ ግን ጥሩ አድርጋ መለሰችለት። የደም ግፊት መድኃኒት ሲቆምም ግፊቱ ይመለሳል፤ ሰው ግን መድኃኒቱ ከሸፈ አይልም። ሕዋሳቱ አልተቀየሩም፤ የተሰጣቸው መልእክት ነው የተቋረጠው። በዚያ ላይ ማቅለሽለሽን የመሰሉ የጎንዮሽ ጉዳቶች ስላሉት ያለ ሐኪም ክትትል እንዳይሞከር አሳስባለች።

ምላሽ 35 ከሁሉ ዘግይቶ ነው የገባው። እናት ናት። የልጇ ረሃብ ጡት ከምትጠባበት ጊዜ ጀምሮ ልክ የለውም። ልጅቷ በልታ ሳትጨርስ ታለቅሳለች፣ ሌሊት ተነስታ ምግብ ትፈልጋለች፣ ከሌላው እጅ ትነጥቃለች። ክብደቷ ከእድሜ እኩዮቿ በጣም ይበልጣል። ዘመድ ሁሉ አሞላቀቅሻት ይላል። አንዳንዱ ስትሰርቅ ቅጫት ብሏታል፤ እሷም ቀጥታታለች።

ምላሽ 36 ላይ አንድ ሐኪም በሰፊው መለሱላት። ከሕፃንነት የጀመረ የማይጠግብ ረሃብና በፍጥነት የሚጨምር ክብደት አንድ ላይ ሲታዩ የጂን ምርመራ እንደሚገባ ጻፉ። በ1997 ሌፕቲን ጨርሶ የማይሠራላቸው ሁለት የአጎት ልጆች ጉዳይ በእንግሊዝ አገር ባሉ ተመራማሪዎች ታትሟል። ልጆቹ ሲወለዱ ክብደታቸው እንደማንኛውም ሕፃን ነበር፤ ወዲያው ግን መጠን የሌለው ረሃብ ጀመራቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ አንዷ ልጅ በየቀኑ ሌፕቲን እየተወጋች የምግብ ፍላጎቷ መርገቡና መክሳቷ ተዘገበ። ይህ ዓይነቱ ጉድለት እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ነው ያለው። የኤምሲ4አር ጂን ችግር ግን በአንድ ጂን ምክንያት ከሚመጡ የውፍረት ዓይነቶች ሁሉ የበዛው ነው። በፖምሲና በሌፕቲን ተቀባይ ጉድለት ለሚመጣው ውፍረት ደግሞ ሴትሜላኖታይድ የተባለ መድኃኒት በ2020 በአሜሪካ ተፈቅዷል። የሚሠራውም ኤምሲ4አርን በማንቃት ነው።

ሐኪሙ የጂን ጉድለት አለ ብለው አልደመደሙም። ልጅቷን ሳያዩ ይህን ማለት እንደማይችሉ በግልጽ ጽፈዋል። እናትየው ይዛ እንድትሄድ የመከሯት የልጅቷን የክብደትና የቁመት መዝገብ ከልደት ጀምሮ፣ በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ታሪክ ካለ እሱንም ነው። ቁመቷ መጨመር ካቆመ፣ ወይም ራስ ምታትና የማየት ችግር ካለባት ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንድትሄድ አሳስበዋል፤ በሃይፖታላመስ አካባቢ የሚበቅል እጢም እንዲህ ያለ ረሃብ ሊያመጣ ይችላል።

እናትየው ምላሽ 37 ላይ እስከዚያው የምግብ ቁም ሳጥኑን ትቆልፈው እንደሆነ ጠየቀች። ሐኪሙ መልሰው ጻፉላት። በአንዳንድ የጂን ሕመሞች ላይ ምግብን መቆለፍ ራሱ የእንክብካቤ ክፍል ስለሆነ ሊያስፈልግ ይችላል፤ የምግብ ሰዓቱ ግን የታወቀና የማይዛነፍ ይሁን፣ ቤተሰቡም ሁሉ ከአንድ ዓይነት ምግብ ይብላ። ቅጣቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ እንድታቆም ለመኗት።